ከአንዲት ትንሽ ወፍ የተማርኩትን ልንገራችሁ

ተፈጥሮ ጥበቃ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ገና የገባችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ ላይ ናችሁ። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ሥራውን አግኝታችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ስትጽፉ ውላችሁ ማታ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?» የምትሉ ናችሁ። ለየብቻ መመለሱ ስላልሆነልኝ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። የምነግራችሁ ስለ ሲቪ ወይም ስለ ስኮላርሺፕ አይደለም። ስለ አንዲት ወፍ ነው። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የሲሸልስ ዋርብለር ትባላለች፣ የምትኖረው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት የሲሸልስ ደሴቶች ነው። ክብደቷ 15 ግራም ቢሆን ነው፣ ርዝመቷ ከ13 እስከ 14 ሴንቲሜትር። ላባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡኒ ነው፣ ሆዷ ነጣ ይላል፣ መንቆሯ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። ለዓይን አትስብም። ፎቶ ሊያነሳ የመጣ ጎብኚ አጠገቧ ደርሶ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። ስትዘምር ግን ሰው ይቆማል። ጥርት ያለ፣ ያልተጣደፈ፣ ሰው የሚያፏጭ የሚመስል ድምፅ ነው ያላት።

ዘመዶቿ መንገደኞች ናቸው። በእኛ ሸምበቆና ቁጥቋጦ ውስጥ በየዓመቱ የሚያርፉ፣ ከአውሮፓ ተነስተው በኢትዮጵያ በኩል አቋርጠው ወደ ደቡባዊው አፍሪካ የሚወርዱ ትናንሽ ወፎች አሉ፤ የዚያው ወገን ናት። እሷ ግን የትም አትሄድም። ክንፍ እያላት፣ ማዶ ያለችው ደሴት በዓይን እየታየች፣ ባህሩን አትሻገርም። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ግዛት (ከሌሎች የምትከላከለውን የራሷን ቁራሽ ቦታ) ይዛ፣ እዚያው ትሞታለች።

ድሮ በሌሎች የሲሸልስ ደሴቶችም ነበረች። ከዚያ ሰው መጣ፣ ደኑን መንጥሮ ኮኮናት ተከለ። ያኔ የኮኮናት ዘይት ጥሩ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ከመርከቦቹ ጋር አይጥና ድመትም ገቡ። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወፏ የቀረችው በአንዲት ደሴት ላይ ብቻ ነበር። ደሴቲቱ ኩዛን ትባላለች፣ ስፋቷ 29 ሄክታር ገደማ ነው። አይጥ አልገባባትም፣ ያተረፋትም ይኸው ነው። ኮኮናቱ ግን እሷንም ሸፍኗት ነበር። በ1968 ሲቆጠሩ የተገኙት 26 ያህል ወፎች ናቸው።

በዓለም ላይ ያሉት በሙሉ እነዚህ ነበሩ። አንድ መጥፎ አውሎ ነፋስ ወይም አንድ አይጥ የያዘች ጀልባ ታሪኩን ትጨርሰው ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡ። 26 ወፍ ቀርቷል ብትባሉ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ተማሪዎችን ጠይቄ አውቃለሁ። መልሱ ተመሳሳይ ነው። እንያዛቸው፣ ጥሩ ቤት እንሥራላቸው፣ እንመግባቸው፣ እናራባቸው። ቅን ሐሳብ ነው። አንዳንድ ወፎች በዚህ መንገድ የዳኑበት ጊዜ አለና አልንቀውም። በኩዛን ግን እንዲህ አልተደረገም። በዚያው በ1968 ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት (ያኔ ሌላ ስም ነበረው) ደሴቲቱን ገዛት። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ለወሬ የሚመች አይደለም። ወድቆ የሚበቅለውን የኮኮናት ችግኝ መንቀል፣ አገር በቀሉ ዛፍ ቀና እንዲል ቦታ መልቀቅ፣ አይጥ እንዳይገባ መጠበቅ። በቃ።

ፒሶኒያ የሚባል ዛፍ አለ፣ ቅጠሉ ሰፋፊ ነው። ኮኮናቱ ሲቀንስ እሱና ሌሎቹ አገር በቀል ዛፎች ደሴቲቱን መልሰው ያዙ። ቅጠል ሲበዛ ነፍሳት በዙ። የዚህች ወፍ ምግብ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ነፍሳት ነው፣ የምትለቅመውም በአብዛኛው ከቅጠሉ ሥር፣ ከታችኛው ገጽ ነው። ኮኮናት እንዲህ ያለ ቅጠል የለውም። ለእሷ ኮኮናት የተተከለበት መሬት ማለት ገበታው ባዶ የሆነ ቤት ነው። ደኑ ሲመለስ ማንም ሳይመግባት፣ ማንም ሳያራባት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሯ ከ300 አለፈ። ከዚያ ቆመ። ደሴቲቱ ሞላች።

ልጆች፣ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቼ ከልቤ የማምነው ይኼን ነው። ፍጥረቱ የራሱን ኑሮ ያውቅበታል። መውለዱን፣ ማሳደጉን፣ መዝፈኑን እኛ አናስተምረውም። የእኛ ሥራ ቦታውን ማስተካከልና ያበላሸነውን ማንሳት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ነቅሎ አለመሄድ። ይህ የመጨረሻው ነው ከሁሉም የሚከብደው። ችግኝ ነቅለህ ዞር ብትል በዓመቱ ተመልሶ ይበቅላል። አይጥን አንድ ቀን መከልከል ቀላል ነው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መከልከል ግን ሌላ ነው።

ኩዛንን በዓይኔ ለማየት በቅቻለሁ። ያመጣችሁ ጀልባ ደሴቲቱን አይጠጋም። ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ይቆምና የደሴቲቱ ሠራተኞች በራሳቸው ጀልባ መጥተው እናንተን ብቻ ይወስዷችኋል። ቦርሳ ውስጥ ወይም ገመድ ሥር የተደበቀ አይጥ አብሮ እንዳይገባ ነው። ይህን ለታወቀ እንግዳ አይተዉትም፣ ለዝናብ አይተዉትም፣ ሰው ሲያጉረመርምም ፈገግ ብለው ያልፉታል። እኔ ከወፏ እኩል ያደነቅሁት እነዚያን ጀልባ ነጂዎች ነው። ስማቸው በየትኛውም ጥናት ላይ አይወጣም። የወፏ ዕድሜ ግን በእነሱ እጅ ነው። ሥራ ስትጀምሩ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብትመደቡ ደረጃዬ አይደለም አትበሉ።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። የፒሶኒያ ፍሬ ሙጫ አለው። የባህር ወፎች ላባ ላይ ይጣበቃል፣ ብዙ ሲሆን መብረር ያቅታቸውና መሬት ላይ ይሞታሉ። አንዱን ወፍ ያዳነ ዛፍ ሌላውን ይገድላል። መጀመሪያ ሲያዩት ያሳዝናል። ዛፉንም ወፎቹንም አብራ ያኖረች ደሴት ናትና መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ቆይታችሁ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኩዛን ላይ ተመራማሪዎች እነዚህን ወፎች ያለማቋረጥ ይከታተላሉ። የጀመረው ያን ኮምደር የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ ከእሱ በኋላ ብዙ ተማሪዎች እየተተካኩ ቀጥለውበታል። ወፏን በቀጭን መረብ ይይዙና እግሯ ላይ ባለቀለም ቀለበቶች ያደርጉላታል። የቀለሙ ቅደም ተከተል ስሟ ነው። ሩቅ ሆነህ በባይናኩላር «ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ» ብለህ ስታነብ ማን እንደሆነች፣ እናቷ ማን እንደሆነች፣ የት ጥግ እንደምትኖር ታውቃለህ። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ይታወቃሉ። በዓለም ላይ የአንድን የዱር ፍጥረት ሕዝብ በሙሉ፣ ከልደት እስከ ሞት፣ ለዚህን ያህል ዘመን የምናውቅበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የመስክ ሥራ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚታያችሁ። በየወሩ ቅጠል ይገለብጣሉ። አንድ ጥንድ ወፍ የያዘችው ግዛት ውስጥ ይገቡና ከየዛፉ ዓይነት የተወሰነ ቅጠል እያዩ ከሥሩ ያሉትን ነፍሳት ይቆጥራሉ። ሌላ ምንም የለም። አንገት ይታመማል፣ ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የባህር ወፍ አናታችሁ ላይ ይለቅባችኋል። የዚያ ቆጠራ ዓመታት ሲደራረቡ ግን የትኛው ግዛት ጠግቦ የሚያድር፣ የትኛው ጦም የሚያድር እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ።

ወፏ ብዙ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ሴቷ ስትታቀፍ ወንዱ ቅርብ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጎጆው ለትንሽ ጊዜ ባዶ ከሆነ ፎዲ የምትባል ሌላ ወፍ መጥታ እንቁላሉን ትበላዋለች። ጫጩቷ ካደገች በኋላ ሁልጊዜ ከቤት አትወጣም። ደሴቲቱ ሞልታለች፣ ባዶ ግዛት የለም። ስለዚህ ወላጆቿ ጋ ትቆይና ቀጥሎ የሚወለደውን ታናሿን ትመግባለች። እንዲህ የሚረዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እና በ1997 የታተመ ጥናት ምን አሳየ? ምግብ በሞላበት ግዛት ያሉ እናቶች በአብዛኛው ሴት ይወልዳሉ፤ ምግብ ባጠረበት ግዛት ያሉት ደግሞ በአብዛኛው ወንድ። ባለበት ቤት ረዳት ትጠቅማለች፣ በሌለበት ቤት ግን አንድ ተጨማሪ አፍ ናት፤ ወንዱ ደግሞ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ጥንዶቹ ከደከመ ግዛት ወደ ለማ ግዛት ሲዛወሩ የሚወልዱትም አብሮ ተቀየረ። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። አስራ አምስት ግራም የምትመዝን ፍጥረት ናት እኮ!

ሌላም አለ። አርጅታ ቦታዋን በወጣት የተነጠቀች እናት አንዳንዴ ግዛቱን ጥላ አትሄድም። እዚያው ትቀርና የልጅ ልጆቿን ታበላለች። በወፍ ዓለም ይህ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። እኛ አገር አያት ቤት ላደጋችሁ ልጆች ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ይህ ሁሉ የተገኘው ግን ቅጠል በመገልበጥና ቀለበት በማንበብ ነው። በአንድ ክረምት አይገኝም። በሁለት ዓመት የማስተርስ ሥራም አይገኝም። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው በትክክል ጽፎ ስላስቀመጠ፣ እናንተም በትክክል ጽፋችሁ ስለምታስተላልፉ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ላይ ጨካኝ ሁኑ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየኸው፣ ያላየኸው። «አልታየም» የሚለውም መረጃ ነው፣ ጻፉት። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ከሥራ ስትለቁም ደብተሩን ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሚተካችሁ ልጅ ከዜሮ እንዲጀምር ማድረግ ግፍ ነው። ጥሩ ጥሩ መረጃ በሰው መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ስላየሁ ነው እንዲህ የማከርረው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ደሴቲቱ ሞልታ ቁጥሩ ቢቆምም ስጋቱ አልቆመም ነበር። ከ300 በላይ ሆኑ እንጂ አሁንም አንድ ቦታ ላይ ናቸው። በራሳቸው ደግሞ አይሻገሩም። ስለዚህ በ1988 29 ወፎች ተይዘው አሪድ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱ። በ1990 ደግሞ 29 ወደ ኩዚን (ስሟ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ደሴት ናት)። በ2004 ወደ ዴኒስ 58፣ በ2011 ወደ ፍሬጌት 59። አሪድ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አገኙ፣ ረዳትነቱም ወዲያው ቀረ፤ ልጆቹ እንዳደጉ የየራሳቸውን ግዛት ይዘው መውለድ ጀመሩ። ጥሩ ጥሩው ቦታ ሲያዝ ደግሞ እንደገና ቤት መቆየትና መርዳት መጣ። ተመራማሪዎቹ ይህን የተረዱት ኩዛን ላይ እያንዳንዷን ወፍ አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። በ2015 የመጥፋት ስጋት ያለባቸው ፍጥረታት በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የወፏ ስጋት አንድ ደረጃ ቀንሶ «ለስጋት የቀረበ» ከሚለው ውስጥ ገባች። ዛሬ በሺዎች ትቆጠራለች።

ያጣችውን ግን አልደብቃችሁም። ሙዚየም ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሰበሰቡ የዚህች ወፍ ቆዳዎች አሉ። ከእነሱ የተወሰደው ዘረመል ከዛሬዎቹ ጋር ሲነጻጸር ብዝኃነቱ ቀንሷል። ቁጥሩ ተመልሷል፣ ያ አልተመለሰም፤ በእኛ ዕድሜም አይመለስም። ስለዚህ አንድ ነገር 26 እስኪደርስ አትጠብቁ። ለጋሽም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ሚዲያም የሚነቃው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ይህን አውቃለሁ። እናንተ ግን ገና ብዙ እያለ፣ ማንም ጉዳዬ ሳይለው መቁጠር ጀምሩ።

«እኛ ደሴት የለን፣ ባህርም የለን» እንዳትሉኝ። ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ሂዱና እዩ። ሊበን ላርክ የምትባል፣ ሣር ውስጥ የምትኖር ዘማሪ ወፍ አለች። እዚያና ጅግጅጋ አካባቢ እንጂ ሌላ ቦታ የለችም፣ ሁኔታዋም ከዓለም እጅግ አስጊ ከሚባሉት ነው። ሜዳው ይታረሳል፣ ቁጥቋጦ ይወረዋል፣ ሣሩ ከአቅሙ በላይ ይጋጣል። እዚያ ያለው ተስፋ ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። ቦረናዎች «ካሎ» የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው፤ የግጦሽ መሬት ከልለው ሣሩ እስኪያገግም ይተዉታል፣ ለክፉ ጊዜም ለጥጃና ለደካማ ከብት ይሆናል። ካሎው ሲመለስ ሣሩ ቁመት ያገኛል፣ ወፏም መሸሸጊያ ታገኛለች። ከብት አርቢውም ይጠቀማል። ኩዛን ላይ የሆነውም እኮ ይኸው ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ሜዳው ላይ ሰው አለ። በገንዘብ ገዝተህ አጥር የምታጥረው መሬት አይደለም። ስለዚህ እናንተ ከሲሸልሶቹ አንድ ሥራ ይጨመርባችኋል፦ ከሰው ጋር መቀመጥ። ኦሮምኛ የማትችሉ ተማሩ። ሽማግሌዎቹን ከመጠይቅ ወረቀት ጋር ሳይሆን ከጊዜ ጋር ቅረቧቸው። ሣሩን ከእናንተም ከእኔም በላይ ያውቁታል።

ያቤሎ በኩል ያለውን ቡሽ ክሮው የሚባለውን ወፍም አስቡ። ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ካለው መሬት ውጭ በዓለም ላይ የለም። ዙሪያውን ያለው ቆላ ይሞቅበታልና አይወጣም፤ የአየር ንብረቱ ሲሞቅ ያ ቀዝቀዝ ያለው መሬት ይጠባል። እያንዳንዱን ለይቶ የሚከታተል፣ አስርት ዓመታት የሚዘልቅ ሥራ ለእነዚህ ወፎች ቢኖረን ምን ያህል ነገር እናውቅ ነበር! ይህን የሚሠራው ከእናንተ መካከል ያለ ሰው ነው። እኔ ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔም ቀለበት አያነብልኝም።

ደመወዙ ያንሳል፣ አልዋሻችሁም። ጓደኞቻችሁ ሌላ ቦታ ገብተው መኪና ሲገዙ እናንተ ቦት ጫማ ትገዛላችሁ። ፕሮጀክቱ በሦስት ዓመት ሲያልቅ ሰው ይበተናል። ቤተሰብ «ወፍ ልትቆጥር ነው እንዴ ያስተማርንህ» ይላል። እናት አባቶቻችሁን አትቆጧቸው፣ አንድ ቀን ይዛችኋቸው ሂዱና አሳዩአቸው። እናንተም ደመወዝ የምታገኙበት ሌላ ሥራ ብትይዙ አልፈርድም። ቅዳሜ ጠዋት የእናንተ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ፣ ቅርብ የሆነ፣ ታክሲ ከፍላችሁም በእግርም የምትደርሱበት። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊሆን ይችላል፣ የወንዝ ዳር፣ የሐይቅ ዳር፣ የዩኒቨርሲቲያችሁ ጀርባ። ቦታ አትለዋውጡ። በዚያው ቦታ በዚያው ሰዓት እየሄዳችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ መጀመሪያ የወፎቹን ስም ባታውቁም መልካቸውንና ድምፃቸውን ጻፉ፣ ስሙ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ዓመት ከሞላ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን። በተለይ ነገሌና ያቤሎ አካባቢ ያላችሁ ልጆች፣ የእናንተን ቶሎ ማየት እፈልጋለሁ።